መዝገብ ሲገለበጥ፦ የቻይና ነገሥታት ታሪክ ያስጻፉበትና ደግመው ያስለወጡበት ምክንያት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እያልን ንግግራችንን እንጀምራለን።

ባለፈው ስብሰባ እንደ ሰማችሁት የዕድራችን የመጀመሪያው መዝገብ አርጅቷል። ጠርዙ ተበልቷል፤ ዝናብ የነካው ገጽ አለ፤ አንዳንዱ ስም ወደ መስኮት ካልተጠጋ አይነበብም። ስለዚህ ወደ አዲስ መዝገብ ይገልበጥ ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔው መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ ሐሳብ ተነሣ። «እግረ መንገዳችንን ያ የሚያሳፍረን ገጽ ይቅር፤ አዲሱ መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ይጀመር» ተባለ። የትኛው ገጽ እንደ ሆነ ነባሮቹ ታውቁታላችሁ፤ አዲሶቹም መጨረሻ ላይ ትሰሙታላችሁ። ነገሩ ለዛሬ ተላለፈና ዳኛችን «እርስዎ የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ሆኑ አንድ ነገር ይበሉን» አሉን።

እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜአችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስንመልስ ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ግን ታሪክ ማንበብ ልማድ ሆኖብናል፤ ሲከብደን የልጅ ልጃችን ከእንግሊዝኛው ያነብልናል። ሰው ወደ ሙያው ያደላልና ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው የቻይና ነገሥታት የታሪክ መዝገብ ነገር ነው። መዝገብን እንደ እነሱ ያከበረ፣ እንደ እነሱም ደጋግሞ የነካካ መንግሥት ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ የምንናገረውም ስለ እነሱ ነው። የቻይናውን ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መስጠታችንን አስቀድመን እንገልጻለን።

እስቲ መጀመሪያ አሠራራቸውን እንይ። ከ618 እስከ 907 በቆየው በታንግ መንግሥት ዘመን ሥራው ደንብ ይዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉዳይ ሲቀመጥ ጸሐፊዎች በአጠገቡ ቆመው የተናገረውንና ያደረገውን በየቀኑ ይጽፋሉ። ይህ የመነሣቱና የመቀመጡ ማስታወሻ ይባላል። ሚኒስትሮቹ ደግሞ ከንጉሡ ጋር የመከሩትን ለብቻው ይመዘግባሉ። ከነዚህ ሁለቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ከሚላከው ወረቀት የቀን መዝገብ ይዘጋጃል። ንጉሡ ሲሞት ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የዘመኑ «እውነተኛ ዜና» ይወጣል። የብዙ ነገሥታት ዜና ሲጠራቀም የመንግሥቱ ታሪክ ይሆናል። በመጨረሻም ያ ሥርወ መንግሥት ሲወድቅ፣ የተተካው መንግሥት ጸሐፊዎች ሰብስቦ የወደቀውን መንግሥት ሙሉ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስጽፋል።

እንዲህ ተሰናድተው የወጡትና ከዚያ በፊት በግል የተጻፉት አንድ ላይ ተቆጥረው በ18ኛው መቶ ዓመት «ሃያ አራቱ ታሪኮች» ተባሉ። ከ3,000 ምዕራፍ በላይ ናቸው። አከፋፈላቸውም የመዝገብ ቤት ሰው ያወጣው ይመስላል፤ የነገሥታቱ ሥራ በዓመትና በወር ለብቻ፣ ግብርና የቀን አቆጣጠር የወንዝ ግድብም ለብቻ፣ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ለብቻ ነው።

በእኛም አገር ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ያስጽፉ እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል ጽፈዋል። የቻይናው ልዩነቱ የሞተውን መንግሥት ታሪክ መጨረሻ ላይ የሚያስጽፈው ተተኪው መሆኑ ነው። የዕድር ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። የሞተ ራሱን አይቀብርም። ቀባሪው ደግሞ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም፤ አንዳንዴ ገዳዩ ራሱ ነው ከፊት ሆኖ ሬሳውን የሚሸኘው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ደከሙ? ጦርነት ያደከመው አዲስ ንጉሥ ገንዘቡንና የተማረ ሰውን ሁሉ ለመጽሐፍ ሥራ የሚያውለው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት የሥልጣን ነገር ነው። በቻይኖች እምነት ንጉሠ ነገሥት የሚነግሠው ሰማይ ሲሾመው ነው፤ ግፍ ሲያበዛ ሰማይ ሹመቱን አንሥቶ ለሌላ ይሰጠዋል። እንግዲህ ትናንት በጦር ያሸነፈ ሰው «ሽፍታ አይደለሁም፣ ሰማይ የሾመኝ ነኝ» ለማለት ምን ማስረጃ ያቀርባል? የቀደመውን መንግሥት ታሪክ ያስጽፋል። በታሪኩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የፊተኞቹ ነገሥታት ብርቱዎች፣ የኋለኞቹ ሰነፎች ወይም ክፉዎች ሆነው ይወጣሉ። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ «በእውነትም ሹመቱ ከነዚህ ተነሥቷል» ይላል።

በዚህ ላይ የሚንግን መንግሥት ያቆመውን ንጉሥ ነገር ስሙ። በ1368 የሞንጎሎቹን፣ ማለት የዩአንን መንግሥት ዋና ከተማ ያዘ። የሞንጎሎቹ ንጉሥ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ገና በሕይወት ሳለ፣ በ1369 የዩአን መንግሥት ታሪክ ይጻፍ ብሎ አዘዘ። ሰውየው ሳይሞት መቃብሩ ተቆፈረ ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ በመጀመሪያ 188 ቀን፣ በሚቀጥለው ዓመት 143 ቀን ሠርተው 210 ምዕራፍ አስረከቡ። ችኮላውም ዋጋ አስከፈለ። ሱቡታይ የሚባለው የሞንጎሎች የጦር አዛዥ ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ስለ ተገኘ፣ እንደ ሁለት ሰው ተቆጥሮ ሁለት የሕይወት ታሪክ ወጣለት። በእኛ ቋንቋ ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ተከፈተለት። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ከዚያም የራሱን ያስታውስና ዝም ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው፤ ይህም የውሸት ምክንያት አይደለም። ለቻይኖች ታሪክ መስተዋት ነው። ሲማ ጓንግ የሚባለው የሶንግ መንግሥት ሊቅ በንጉሡ ትእዛዝ ለ19 ዓመት ደክሞ በ1084 ያቀረበው ታላቅ መጽሐፍ፣ ከ403 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እስከ 959 ያለውን በ294 ምዕራፍ የያዘ ነው። ንጉሡ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም ለመንግሥት ሥራ የሚረዳ መስተዋት ማለት ነው። ንጉሥ ፊቱን የሚያይበትን መስተዋት በገዛ ገንዘቡ ሲያሠራ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው መስተዋቱ ያሳየውን ያልወደደው እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዕሩን በእጅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው መቶ ዓመት ባለ 130 ምዕራፍ መጽሐፉን የጻፈው አባቱ ሲሞት በሰጠው አደራ እንጂ በንጉሥ ትእዛዝ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሥታቱ ነቁ። ባን ጉ የተባለው ሰው አባቱ የጀመረውን የሀን መንግሥት ታሪክ በቤቱ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ በ62 ገደማ የአገሩን ታሪክ በግሉ ይጽፋል ተብሎ ተከሰሰና ታሰረ። ወንድሙ ወደ ዋናው ከተማ ገሥግሦ ስለ እሱ ተናገረ። ንጉሡ ጽሑፉን ሲያነብ ወደደው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰውየውን ፈትቶ በቤተ መንግሥት ሥራ ሰጠውና «እዚህ ሆነህ ጻፍ» አለው። ወኅኒ ቤቱም ሹመቱም ለአንድ ዓላማ ነበር፤ ብዕሩ ከግቢ እንዳይወጣ ነው። ባን ጉ በ92 በሌላ ክስ እስር ቤት ሞተ፤ የቀረውን ሥራ የተማረችው እኅቱ ባን ጃዎ ቀጠለችው።

በ593 የሱይ ንጉሥ ማንም ሰው በግሉ የመንግሥት ታሪክ እንዳይጽፍ ከለከለ። በ629 ደግሞ የታንጉ ታይዞንግ የታሪክ ጽሕፈት ቤቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብቶ በሚኒስትሮች ጥበቃ ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲያ ታሪክ የኮሚቴ ሥራ ሆነ።

አራተኛው ምክንያት ያኮረፈን ማስታረቅ ነው። ማንቹዎች በ1644 ቤይጂንግን ይዘው የቺንግን መንግሥት ሲተክሉ፣ ብዙ የተማሩ ቻይኖች አናገለግልም ብለው ቤታቸው ቀሩ። ንጉሡ በ1679 ልዩ ፈተና አውጥቶ ያለፉትን 50 ሰዎች በሚንግ መንግሥት ታሪክ ዝግጅት ላይ መደባቸው። ላገለገሉት መንግሥት የሚያለቅሱበት ድንኳን ተከለላቸው ማለት ነው። ዋን ሲቶንግ የሚባለው ሊቅ ማዕርግም ደመወዝም አልፈልግም አለ፤ ነገር ግን እንደ ተራ ሰው መጥቶ በ1702 እስኪሞት ድረስ ረቂቁን አረመ። በ1645 ታዞ የነበረው ይህ ታሪክ ያለቀው በ1739 ነው፤ 94 ዓመት ፈጀ።

ለጋሱ እጅ ግን ሌላ ፊት ነበረው። በዚያው በቺንግ መንግሥት ጁዋንግ ቲንግሎንግ የተባለ ዐይነ ስውር ሀብታም በግሉ የሚንግን ታሪክ አሰናድቶ ሞተ፤ ቤተሰቡም አሳተመው። በመጽሐፉ ውስጥ የቺንግን መንግሥት የሚያስቆጡ ነገሮች ተገኙ። በ1663 ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሱም ውስጥ የማተሚያውን እንጨት የቀረጹና መጽሐፉን የሸጡ ነበሩ። የጁዋንግም ሬሳ ከመቃብር ወጥቶ ተቀጣ። እኛ የዕድር ሰዎች ነንና በዚህ ላይ የምንጨምረው ቃል የለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አዛዦቹ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ጸሐፊዎቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዕር የያዘ ሁሉ የታዘዘውን ብቻ አልጻፈም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ548 ቺ በሚባለው አገር አንድ ሚኒስትር ጌታውን አስገደለ። የግቢው ታሪክ ጸሐፊ እገሌ ጌታውን ገደለ ብሎ ጻፈ። ሚኒስትሩ ጸሐፊውን ገደለው። ወንድሙ ተተክቶ ያንኑ ጻፈ፤ ተገደለ። ሌላውም ወንድም ያንኑ ጻፈ፤ እሱም ተገደለ። የቀረው ወንድም መጥቶ ደግሞ ያንኑ ሲጽፍ ሚኒስትሩ ሰለቸውና ተወው። ይህ ሲሆን ከሌላ አውራጃ አንድ ጸሐፊ ሁሉም አልቀዋል ሲባል ሰምቶ፣ የቀርከሃ መጻፊያውን ይዞ እየመጣ ነበር። መጻፉን ሲያረጋግጥ ከመንገድ ተመለሰ። ይህ ታሪክ ከ2,500 ዓመት በኋላም በቻይና ይነገራል። ሚኒስትሩ ከሌላው ሥራው ሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ሊያስፍቀው በፈለገው በዚያ መስመር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ታይዞንግ ራሱ ነው። ይህ ንጉሥ በ626 ሁለት ወንድሞቹን በቤተ መንግሥቱ በስተሰሜን በር አጠገብ ገድሎና አስገድሎ፣ አባቱንም ከዙፋን አውርዶ የነገሠ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከቻይና ነገሥታት ሁሉ ምስጉን ሆነ። ይሁን እንጂ ያ ቀን አላስተኛውም መሰል። በ642 የዕለት ማስታወሻውን የሚጽፈውን ቹ ሱይልያንግን ጠርቶ ላንብበው አለ። ጸሐፊው ንጉሥ የራሱን ማስታወሻ አንብቦ እንደማያውቅ፣ ደጉም ክፉውም የሚጻፈው ንጉሥ ክፉ ከማድረግ እንዲጠነቀቅ መሆኑን ነገረው። ንጉሡም ክፉ ባደርግ ያንንም ትጽፋለህ? ቢለው ሥራዬ ነውና እጽፋለሁ አለ። አጠገባቸው የነበረ ሌላ ሹም ደግሞ እሱ ባይጽፈው አገር ይጽፈዋል አለ።

ንጉሡ ግን አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት የአባቱና የራሱ ዘመን ዜና ተዘጋጅቶ ቀረበለት። የዚያን ቀን ነገር ጸሐፊዎቹ ፈርተው ሸፋፍነውት ሲያገኝ፣ ለአገር ብዬ ያደረግሁት ነውና በግልጽ ጻፉት ብሎ አዘዘ። ይህ የሚያስመሰግን ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለአገር ሲባል የተደረገ ሆኖ እንዲጻፍ ምክንያቱን አብሮ የሰጠው እሱ ነው። ዛሬ ያሉ ታሪክ ዐዋቂዎች በዚያ ዘመን መዝገብ መንግሥቱን በመመሥረት የአባቱና የታላቅ ወንድሙ ድርሻ እንዲያንስ፣ የእሱ እንዲገን ተደርጓል ይላሉ። እንዴት ዐወቁ? መንግሥቱ ሲመሠረት ዌን ዳያ የሚባል ጸሐፊ የ357 ቀን ማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ እሱ ሳይነካ ደርሶናል፤ በእሱም ውስጥ ዋናው ሰው አባትየው ነው። እኛ በሥራ ላይ ሳለን አለቃ የነበሩ አንድ ሰው የቃለ ጉባኤ አንድ አንቀጽ እንድናወጣና እንደገና እንድንተይብ አዘውን ነበር። ተየብነው። ነገር ግን የፊተኛው ካርቦን ግልባጭ በሌላ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ከዓመታት በኋላ ወጣ። ግልባጭ የማይወጣበት ጓዳ የለም።

ሦስተኛው ዌይ ሱ ነው። ይህ ሰው የዩአን መንግሥት ሹም ነበር። በ1368 ከተማው ሲያዝ ከመንግሥቱ ጋር ልሙት ብሎ ወደ ጕድጓድ ሊገባ ሲል፣ አንድ የቡድሃ መነኩሴ ያዘውና የመንግሥቱን ታሪክ ከአንተ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ብትሞት ታሪኩም አብሮ ይሞታል አለው። ሳይሞት ቀረ። ያሸነፉትንም ሹማምንት ለምኖ የነገሥታቱ ዜና ከዝርፊያ እንዲድን አደረገ። ከላይ ያልነው የችኮላ ታሪክ እንኳ ሊጻፍ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የቀብር ዕቃ ያዥ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን፣ ወደ መለወጡ ነገር ደረስን።

ሚንግ ላይ እንጀምር። በ1402 ዮንግሌ የሚባለው ንጉሥ የወንድሙን ልጅ ጅየንወንን ወግቶ ዙፋኑን ያዘ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? ፋንግ ሺያዎሩ የተባለውን ታላቅ ሊቅ የንግሥ ዐዋጄን ጻፍልኝ አለው። ሊቁ እምቢ ብሎ እሱም ዘመዶቹም ተገደሉ። ከዚያ ንጉሡ ወደ መዝገቡ ዞረ። የሚንግ መሥራች የሆነው የአባቱ ዜና በጅየንወን ዘመን ተጽፎ ነበር፤ በ1402 እንደገና ይጻፍ አለ። አልበቃውም፤ ከ1411 እስከ 1418 ለሦስተኛ ጊዜ አስጻፈው። ዛሬ ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው። የጅየንወንን የዘመን ስምም ሰርዞ ዓመቶቹ በሞተው አያቱ ዘመን እንዲቆጠሩ አደረገ። ሰው ከሞተ በኋላ አራት ዓመት ነገሠ ማለት ነው! በኋላም በሚንግ ዘመን ዜናው ሲያልቅ ረቂቁን በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ባለ ሐይቅ አጠገብ በሥርዐት ያቃጥሉት ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? መዝገቡ ሲፋቅ ወሬ ቦታውን ያዘ። ጅየንወን ከእሳቱ አምልጦ መነኩሴ ሆኖ በየአገሩ ይዞራል የሚል አፈ ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመት ተወራ። በመጨረሻም በ1595፣ የዮንግሌ የራሱ ዘር የሆነ ንጉሥ የጅየንወን የዘመን ስም ይመለስ ብሎ ፈቀደ። 193 ዓመት ቆይቶ ተመለሰ።

ሁሉም ለውጥ ግን እንዲህ አይደለም። አሁን የምንነግራችሁ በሶንግ መንግሥት የሆነው ነው፤ ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ስለ እሱ ነው።

ንጉሥ ሼንዞንግ በ1085 ሞተ። በእሱ ዘመን ዋንግ አንሺ የሚባል ሚኒስትር አዲስ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ መንግሥት ለገበሬ በወለድ ያበድር የሚል አለበት። አገሩ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ንጉሡ ሲሞት ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን ያዙና ዜናውን ጻፉ፤ በ1091 ተፈጸመ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፋን ዙዩ፣ ሌላው ደግሞ በቅኔና በእጅ ጽሑፍ ስመ ጥር የሆነው ኋንግ ቲንግጅየን ነው። በ1094 ነገሩ ተገለበጠ፤ የአዲሱ ሕግ ደጋፊዎች ተመለሱ። የፊተኛው ዜና ስም ማጥፋት ነው ብለው ማስረጃ የሌላቸው ናቸው የሚሏቸውን ከ1,000 በላይ ነጥቦች አወጡ። ሲጣራ አብዛኛው ማስረጃ ተገኘለትና 32 ብቻ ቀሩ። ኋንግ ቲንግጅየን ወንዝ በብረት ጥፍር ለመጥረግ የተሞከረውን ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በዚህ ሲጠየቅ በዚያ ጊዜ እዚያው እሠራ ነበር፣ በዐይኔ ያየሁት ነው፣ በእውነትም የልጅ ጨዋታ ነበር አለ። እሱም ፋን ዙዩም በግዞት ተላኩ፤ ፋን ዙዩ በ1098 እዚያው በግዞት ሞተ። ዜናውም በዋንግ አንሺ አማች ኃላፊነት እንደገና ተጽፎ በ1096 ወጣ።

ከዚያ በኋላ በ1127 ጠላት ዋናውን ከተማ ያዘ፤ መንግሥቱም ወደ ደቡብ ሸሸ። አዲሱ ንጉሥ ያ ዜና ይታረም አለ። ሥራው ለማን ተሰጠ? ለፋን ዙዩ ልጅ፣ ለፋን ቾንግ! እስቲ አስቡት። አባቱ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት በግዞት ሞቷል። አሁን መጽሐፉ በእጁ ገባ። የጠላቶቹን ቃል ጠራርጎ አውጥቶ፣ የአባቱን መልሶ፣ ረቂቁን ቢያቃጥል ማን ይከለክለው ነበር?

እሱ ግን ሌላ አደረገ። ዜናውን ሲያርም ከጎኑ ሌላ መጽሐፍ አዘጋጀ። የፊተኛውን ቃል በጥቁር ቀለም፣ የወጣውን በቢጫ፣ አዲስ የገባውን በቀይ ጻፈ። አንባቢው ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተጨመረ በዐይኑ ያያል። የቀይና የጥቁር ቀለም ታሪክ ብለው ሰየሙት። ፋን ቾንግ የራሱ ወገን የነበረ ሰው ነው፤ ፍርዱም ወደ አባቱ ያደላል። ነገር ግን ማድላቱን ሊደብቅ አልፈለገም። በኋላ ሊ ታዎ የተባለው ትጉህ ታሪክ ጸሐፊ በ12ኛው መቶ ዓመት የሶንግን ታሪክ ሲያሰናዳ ልዩ ልዩዎቹን ግልባጮች እያመሳከረ በየቦታው ልዩነታቸውን አሳየ። የዜናው ሙሉ ቅጂዎች ዛሬ የሉም፤ በምን በምን እንደ ተጣሉ የምናውቀው ግን በዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያገኘነው አንድ ነገር ነው። መዝገብ ሁልጊዜ ይታረማል፤ ማረም ኃጢአት አይደለም። የተሳሳተ ሁሉ እንደ ተሳሳተ ይቅር አይባልም። ነውሩ ያረመ ሰው ማረሙን ሲደብቅ ነው። ዮንግሌም ፋን ቾንግም አርመዋል፤ አንዱ ረቂቁን አጠፋ፣ አንዱ ሦስት ቀለም በጠበጠ።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንመለስ። በ1986 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ አንድ ነባር አባላችን የሦስት ወር መዋጮ አልከፈለም ተብሎ በደንቡ መሠረት ተሰረዘ። በዚያው ወር ባለቤቱ ሞተች። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም፤ የዕድሩ ሰው እንደ ዕድር አልወጣም። ጎረቤት ከኪሱ አዋጥቶ ቀበራት። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰኙ ጉርድ ሲመሳከር ሰውየው ከፍሎ ተገኘ። ገንዘቡ የተመዘገበው ስሙ ከስሙ በሚመሳሰል በሌላ አባል ስም ነበር። የሱቡታይ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ፋይል ገቡ። ሽማግሌዎች ሄደው እግሩ ላይ ወደቁ፤ የሚገባው ገንዘብ ተከፈለው፤ ወደ አባልነቱ ተመለሰ። ሲሞትም ዕድሩ በሙሉ ክብር ቀበረው። ይህ ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ከላይ «ተሰርዟል» የሚል በጥቁር፣ ከታች ደግሞ «በጸሐፊው ስሕተት መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ተመልሷል» የሚል በቀይ።

በዚያን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ እኛ ነበርን። የእጅ ጽሑፉ የእኛ ነው፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። ገጹ ይቅር ያላችሁት ለእኛ አዝናችሁ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ከስብሰባው በኋላ ከሟቹ ልጆች አንዱ መንገድ ላይ አገኘንና እንዲህ አለን፦ «አባባ፣ ሠፈሩ አባቴ ከዕድር መሰረዙን አይረሳም። ገጹ ከጠፋ አለመበደሉን በምን አሳያለሁ?» መልስ አልነበረንም። እኛ ዕፍረታችንን ብንፍቅ የሱ አባት ንጽሕና አብሮ ይፋቃል። ወሬው ግን አይፋቅም፤ የጅየንወንን አይታችኋል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ገጽ እንዳለ ይገልበጥ፤ ጥቁሩ በጥቁር፣ ቀዩም በቀይ። ሁለተኛ፣ ሲገለበጥ ስሕተት የተገኘበት ስም ቢኖር የፊተኛው ሳይፋቅ በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ትክክለኛው በጎኑ ይጻፍ፣ ያረመው ሰው ይፈርምበት። ሦስተኛ፣ ግልባጩ ሲያልቅ ሦስት አባሎች ተቀምጠው አንዱ እያነበበ ሁለቱ ያመሳክሩ፤ የሟቹ ልጅ ፈቃደኛ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ እሱ ይሁን። አራተኛ፣ አሮጌው መዝገብ አይጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የእኛን ስምም አትሸፍኑልን።

ቻይኖች የሰው ነገር የሚለይለት የሬሳ ሣጥኑ ሲከደን ነው ይላሉ። የኛ ሰው ደግሞ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል። እኛ የሬሳ ሣጥን የምንከድን ማኅበር ነን፤ የምናወርሰውም ይኸው መዝገብ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።